ሰልባጅ፤ ከወደቀበት የተነሣ ዕቃ ታሪክ



«ሰልባጅ» የሚለውን ቃል ሳያውቁት አይቀሩም። አዲስ አበባም ይደጉ ድሬዳዋ፣ ጎንደርም ይደጉ አዋሳ፣ ቃሉ ሲነሣ አብሮት የሚነሣ አንድ ስሜት አለ፤ እሱም ኀፍረት ነው። የሰው ልብስ፣ የሰው ጫማ፣ ሌላው ተጠቅሞበት የጣለው። ወላጅ ለልጁ ሰልባጅ ሲገዛ ከጎረቤት ዓይን ሸሸግ አድርጎ ነበር፤ ልጁም «ሰልባጅ ለባሽ» ብለው እንዳይስቁበት ትምህርት ቤት ሲሄድ ይሳቀቅ ነበር። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ተጨምሮበት፣ አንድ ጊዜ በሌላ ሰው እጅ ያለፈ ዕቃ ክብር የለውም ብለን አምነን አደግን።

እስቲ ቃሉን ፈታ አድርገን እንመልከተው። ሰልባጅ የአማርኛ ሥር የለውም። «ሳልቬጅ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው። ሳልቬጅ ማለት መርከብ ሲሰጥም ወይም ቤት ሲቃጠል ከጥፋት የተረፈ ንብረት ነው። እንግሊዝኛው ደግሞ ቃሉን የወሰደው «ማዳን» ከሚል የላቲን ግስ ነው። «ሳልቬሽን» የሚለው ቃል፣ ማለትም ድኅነት፣ ከዚሁ ሥር ወጥቷል። እንግዲህ እዚህ ቶሮንቶ በሳልቬሽን አርሚ መደብር በር ላይ ተጽፎ የምናየው ስምና እኛ አገር ቤት አፋችንን ሸርመም አድርገን የምንጠራው ሰልባጅ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ነው። በቋንቋችን ድኅነትና ድህነት ለጆሮ አንድ ናቸው፤ የሚለዩት በፊደል ብቻ ነው። ሰልባጅ ሲባል እኛ የሰማነው ሁለተኛውን ነበር፤ ቃሉ ግን የተነሣው ከመጀመሪያው ነው።

አሮጌ ዕቃ ገዝቶ፣ አድሶ፣ ቤት ማሳመር ቶሮንቶ ገብተን ችግር ያስተማረን ነገር ይመስላቸዋል ብዙዎች። በዚህ ጽሑፍ ላሳይዎ የምፈልገው ይህ ሙያ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው መሆኑን ነው። ኀፍረቱም ቢሆን ታሪክ አለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የማርትሬዛ ብርና የጣሳ ኩራዝ

ከብሩ እንጀምር። አባቶቻችን «ማርትሬዛ» ወይም «ጠገራ ብር» የሚሉት ገንዘብ በኦስትሪያዋ ንግሥት በማርያ ቴሬዛ ስም የተመታ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 ዐረፈች፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላም ያንኑ 1780 የሚል ዓመት እንደያዘ እየተመታ ባሕር ተሻግሮ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር ነው። አንጥረኞቻችን ይህን የባዕድ ገንዘብ እያቀለጡ የአንገት መስቀል፣ ጉትቻ፣ ቀለበትና አልቦ ሠሩበት። አያትዎ በማተባቸው አስረው የነበረው የብር መስቀል ምናልባት ከዚያ በፊት የአንዲት አውሮፓዊት ንግሥት መልክ ነበረበት። «የሰው ወርቅ» ብሎ የናቀው ግን አልነበረም።

የብራና መጽሐፍ ያዩ ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሳሉ። ደጓሹ የእንጨት ገበታውን በቆዳ ከሸፈነ በኋላ፣ ገበታው በውስጥ በኩል ቆዳው ሳይደርስበት የሚቀር መካከል አለው። እዚያች አራት ማዕዘን ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የጨርቅ ቁራጭ ይለጠፋል። ጨርቁ ከህንድ ወይም ከአውሮፓ በነጋዴ እጅ የመጣ ሐር ወይም አበባ ያለበት ጥጥ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የጥንት ጨርቅ የሚያጠኑ ሊቃውንት እነዚህን ቁርጥራጮች እየተከታተሉ የንግዱን መንገድ ያጠናሉ። ከልብስ የተረፈች ቁራጭ ቅዱስ መጽሐፍ አስጌጣ ለዘመናት ኖረች ማለት ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። የፋብሪካ ዕቃ ወደ አገራችን ሲበዛ ማሸጊያውም አብሮ በዛ። የዘይትና የምግብ ጣሳው ባዶውን ሲቀር ገበያ ወጥቶ የእህል መስፈሪያ ሆነ፤ «አንድ ጣሳ ጤፍ» ስንል ስለ እህሉ እንጂ ስለ ቆርቆሮው ታሪክ ማን ያስባል? ትንሿ ቆርቆሮ ክር ገብቶላት፣ ላምባ ተሞልቶላት ኩራዝ ሆነች፤ ስንቱ ተማሪ በእሷ ብርሃን አጥንቶ ለዩኒቨርሲቲ በቃ። የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ሆነ። በርሜሉ ተዘርግቶና ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ሆነ። ጀሪካን በመጀመሪያ በ1930ዎቹ ጀርመኖች ለጦር ሠራዊታቸው የነደፉት የነዳጅ መያዣ ነበር፤ ስሙም እንግሊዞች ለጀርመን ካወጡት ቅጽል የመጣ ነው። ዘመን አልፎ የፕላስቲኩ ጀሪካን በእንስራ ፈንታ በእናቶቻችን ጀርባ ላይ ወጣ።

የዚህ ሁሉ ዋና ከተማ መርካቶ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥተው ወደ ምዕራብ ሲወስዱት መርካቶ ተቆረቆረ። እዚያ ውስጥ ምናለሽ ተራ አለ። ስሙ ራሱ የገበያ ጥያቄ ነው። የተጣመመ ብረት፣ ያረጀ በርሜል፣ የወላለቀ ማሽን በአንድ በኩል ይገባል፤ በሌላ በኩል ምድጃ፣ ማንጠልጠያ፣ በርና መስኮት ሆኖ ይወጣል። ዕቃውን ከየሰፈሩ የሚሰበስበው ቆራሌው ነው፤ «ቆርቆሮ ያለው!» የሚለው ጥሪ ባጭሩ ሲጮህ «ቆራሌው» ሆኖ ቀረ ይባላል። ልዋጩም አለ፤ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይሰጣል። እንግዲህ ፈረንጅ ዛሬ በትልቅ ስብሰባ የሚነጋገርበትን ዕቃን መልሶ የመጠቀም ጉዳይ ቆራሌው በየጠዋቱ በር ላይ እየጮኸ ያስተምረን ነበር።

ኀፍረቱ ከየት መጣ?

ታዲያ ይህን ያህል ሙያ ያለው ሕዝብ ስለምን አፈረ? ከምክንያቶቹ አንዱ ራሳችን ለባለ ሙያ የነበረን አመለካከት ይመስለኛል። ብረት የሚሠራውን «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ሸማ የሚሠራውን «ቁጢት በጣሽ» እያልን ስንሰድብ ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1908 የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው በሙያው እንዳይሰደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስድቡ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። ሠሪው ከተናቀ፣ ከእጁ የሚወጣው ይናቃል። የጠገነው ደግሞ ከሠራው በታች ይታያል። አዲስ ዕቃ የሀብት ምልክት፣ የታደሰ ዕቃ የማጣት ምልክት የሆነው እንዲህ ነው። ይህን ኀፍረት ከልብሳችን ጋር በሻንጣ አድርገን ይዘነው መጣን።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ በዚያው መንገድ አልፈዋል። በ1865 ለንደን ውስጥ በኋላ ሳልቬሽን አርሚ የተባለውን ማኅበር የመሠረተው ዊልያም ቡዝ፣ በ1890 ባሳተመው መጽሐፉ ከየቤቱ የሚጣለውን ዕቃ ሥራ ያጡ ሰዎች እየሰበሰቡ እንዲጠግኑትና እንዲሸጡት ሐሳብ አቀረበ። ማኅበሩ ካናዳ የገባው ቀደም ብሎ በ1882 ነው። በቦስተን ደግሞ የሜቶዲስት ቄስ የሆነው ኤድጋር ሄልምስ በ1902 ጉድዊልን ጀመረ። ከሀብታሞች ቤት ያረጀ ልብስና የቤት ዕቃ በጆንያ ሰበሰበ። ስደተኞችንና ድኆችን እየከፈለ አስጠገነበት፤ የተጠገነውንም በትንሽ ዋጋ ሸጠው። ልብ ይበሉ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠጋኙም ገዢውም ስደተኛው ነበር።

የቶሮንቶ አሮጌ ዕቃ

የራሳችን ከተማ ታሪክም ከዚህ አይለይም። ዛሬ የከተማው አስተዳደር ሁለት ጎባጣ ፎቆች የቆሙበት ቦታና ዙሪያው፣ ከያንግ እስከ ዩኒቨርሲቲ፣ ከክዊን እስከ ኮሌጅ ጎዳና፣ ድሮ «ዋርድ» የሚባል የድኆች ሰፈር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ባርነት ያመለጡ ጥቁሮችና ከረሃብ የሸሹ አይሪሾች፣ ቀጥሎ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድ፣ ጣሊያኖችና ቻይናውያን ኖረውበታል። በ1911 የከተማው የጤና ሹም ዶክተር ቻርልስ ሄስቲንግስ ስለ ሰፈሩ አስከፊ አኗኗር ዘገባ አወጣ፤ የከተማው ፎቶ አንሺ አርተር ጎስም በየጓሮው እየገባ ፎቶ አነሣ። በዚያ ዘመን የዋርድ አይሁድ ጋሪ እየገፉ ወይም በፈረስ እየጎተቱ አሮጌ ጨርቅ፣ ጠርሙስና ብረት ከየሀብታሙ በር ይሰበስቡ ነበር። የቶሮንቶ ቆራሌዎች እነሱ ነበሩ። በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ሄደው ኬንሲንግተን ማርኬትን አቆሙት። ዛሬ ቱሪስት እየተጋፋ አሮጌ ካፖርት የሚገዛበት ሰፈር መነሻው ይህ ነው። አዲሱ የከተማ አዳራሽ በ1965 ሲመረቅ ዋርድ ከምድር ጠፍቶ ነበር።

ጉድዊል በቶሮንቶ በ1935 ሥራ ጀመረ፤ ዘመኑ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ የጠፋበት ነበር። ከ80 ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2016፣ የቶሮንቶው ድርጅት በቶሮንቶና በሌሎች የኦንታሪዮ ከተሞች የነበሩትን 16 መደብሮች በድንገት ዘጋና 450 የሚሆኑ ሠራተኞች ሥራ አጡ። ቫልዩ ቪሌጅ ደግሞ በ1954 ሳንፍራንሲስኮ ተመሥርቶ በ1980 በቫንኩቨር በኩል ካናዳ የገባ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይወቁ፤ ቫልዩ ቪሌጅ ራሱ የበጎ አድራጎት ማኅበር አይደለም። የትርፍ ድርጅት ሲሆን ዕቃውን ለሚያሰባስቡለት ማኅበራት ይከፍላል።

የብሉርና የባትኸርስቱን «ኦነስት ኤድስ»ንም ሳላነሣ አላልፍም። ኤድ ሚርቪሽ በ1948 የከፈተው ይህ መደብር አሮጌ ዕቃ ባይሸጥም የስደተኛው ሁሉ የመጀመሪያ ድስትና ብርድ ልብስ መግዣ ነበር፤ በዲሴምበር 31 ቀን 2016 ተዘጋ። ከመዘጋቱ በፊት፣ በ2014፣ በእጅ የተጻፉትን የዋጋ ሰሌዳዎቹን ለሽያጭ ሲያወጣ ሕዝቡ ለሰዓታት ተሰለፈ። «ድስት በዚህ ዋጋ» የሚለው ካርቶን ዛሬ በየሰው ሳሎን በመስተዋት ተከቦ ተሰቅሏል። ዋጋውን የሰጠው ካርቶኑ አይደለም፤ ትዝታው ነው።

የእኛ ሳሎን

እኛስ? ከ1974ቱ አብዮት በፊት ካናዳ ውስጥ የነበረው ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነበር። ከቀይ ሽብር የሸሸው ወገናችን በሱዳን በኩል፣ በኬንያ በኩል፣ በጅቡቲ በኩል ተበተነ። ካናዳ በ1978 ሥራ ላይ ባዋለችው የኢሚግሬሽን ሕግ ስደተኛን በግል ተያዥነት ማስመጣት ስለተቻለ፣ በ1980ዎቹ ብዙዎቻችን ቶሮንቶ ገባን። ግን በነጻ አልመጣንም። ከ1951 ጀምሮ የነበረው የመንግሥት የጉዞ ብድር ስለነበረ፣ ብዙው ሰው የካናዳን ምድር የረገጠው የአውሮፕላን ትኬቱን ዕዳ ተሸክሞ ነው። ዕዳ እየከፈሉ፣ አገር ቤት ላሉት እየላኩ፣ ኪራይ እየከፈሉ አዲስ ሶፋ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ በፓርክዴልም ይሁን በሴንት ጄምስ ታውን ፎቆች ላይ የእኛ ሰው ቤቱን ያቋቋመው ከአሮጌ ዕቃ መደብርና ወር ሲያልቅ ከመንገድ ዳር በሚወጣ ዕቃ ነው። ነገር ግን ዕቃውን እንዳለ አልተወውም። የፈረንጁ የመጽሐፍ መደርደሪያ መስተዋት ተገጥሞለት፣ ብርጭቆና ሲኒ ተደርድሮበት፣ የአገር ቤቱ ቡፌ ሆነ። ረጅሙ ጠረጴዛ እግሩ በመጋዝ አጠር ተደርጎ ረከቦት ተቀመጠበት፤ ቡና በቁመት አይፈላምና። የማይታወቅ ሰው ሥዕል የነበረበት ፍሬም ሥዕሉ ወጥቶ፣ የአየር መንገዳችን የቀን መቁጠሪያ ፎቶ ወይም አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝም ሥራውን ሲመሩ ያሳተሙት «አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚል ፖስተር ገባበት። ያረጀች ነጠላ መሐሏ ቢበሳም ጥለቷ ደኅና ስለሆነ፣ ጥለቷ ተቆርጦ የትራስ ልብስ ጫፍ ወይም የመብራት ጥላ ዙሪያ ሆነ። ደጓሹ በመጽሐፉ ገበታ ላይ ያደረገውን ነው እናቶቻችን በቶሮንቶ አፓርታማ ያደረጉት።

ኋላ የመጣው ወገን ሌላም በር አገኘ። በ1998 ሲስተር አን ሼንክ የተባሉ መነኩሲት የመሠረቱት «ፈርኒቸር ባንክ» ከሰው ቤት የተረፈውን አልጋና ጠረጴዛ እየሰበሰበ ለአዲስ መጪዎችና ከመጠለያ ለሚወጡ ሰዎች ይሰጣል። ልዋጩ ልብስ ተቀብሎ ሳፋ እንደሚሰጥ፣ ይህኛው የአንዱን መጨናነቅ ለሌላው ቤት ያደርገዋል።

ዛሬም ወደ አሮጌ ዕቃ መደብር ለሚሄዱ ጥቂት ምክር ልጨምር። ዕቃውን ገልብጠው ይዩት፤ መሳቢያው በጥርስ ተያይዞ ከሆነና እንጨቱ ድፍን ከሆነ፣ ላዩ ቢቧጨርም ይግዙት። በወረቀት ቀጭን ሽፋን የተለበደ ከሆነ ግን እርጥበት ያበላሸዋል፤ ይለፉት። የጨርቅ ሶፋና ፍራሽ ትኋን ስለሚደብቅ ስፌቱን ገለጥ አድርገው ሳያዩ ቤት አያስገቡ። ካናዳ ለቤት ውስጥ ቀለም የሚጨመረውን እርሳስ የገደበችው በ1976 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተቀባ ዕቃ በደረቁ አይፋቁ፤ ብናኙ ልጆችን ይጎዳል። ከሴፕቴምበር 1986 በፊት የተሠራ የሕፃን አልጋ ደግሞ መሸጥም ክልክል ነው፤ በነጻ ቢሰጡዎትም አይቀበሉ።

የእኛ ዕቃ መደርደሪያው ላይ

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። በ1980ዎቹ በወጣትነታቸው የመጡት ወገኖቻችን ዛሬ አርጅተዋል፤ ያረፉም ብዙ ናቸው። ልጆቻቸው እዚህ የተወለዱ፣ ቤታቸው ጠባብ፣ ጊዜያቸው አጭር ነው። አንድ አባት ወይም እናት ሲያርፉ የአፓርታማው ቁልፍ በወር መጨረሻ ይመለሳል። ከዚያስ? መሶቡ፣ ጀበናው፣ የሐረሩ ስፌት፣ የተቀረጸው በርጩማ በካርቶን ተጭኖ ወደዚያው አሮጌ ዕቃ መደብር ይሄዳል። እዚያም «ቅርጫት» ተብሎ ዋጋ ይለጠፍበታል። ገዢው ምናልባት ወድዶት፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ቤቱን ያሳምርበታል። ይህ ክፉ አይደለም፤ እኛም የማናውቀውን ሰው ጠረጴዛ ወስደን ቡና አፍልተንበታል። ክፉው ነገር መሶቡ ታሪኩን ሳይዝ መሄዱ ነው። የማን እጅ ሰፋው? በስንት ወር ተሠራ? በየትኛው ሻንጣ፣ በየትኛው አየር ማረፊያ አልፎ መጣ? ይህን የሚያውቁት ሰዎች ከሞቱ፣ ዕቃው ቢድንም ታሪኩ ይሰጥማል።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ማታ ከቤትዎ አንድ ዕቃ ይምረጡ። ከአገር ቤት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በሦስት ዶላር ገዝተው በእጅዎ ያደሱትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የእርስዎ ታሪክ ናቸው። በትንሽ ወረቀት ላይ ማን እንደሠራው፣ ከየት እንደመጣ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እጅዎ እንደገባ፣ ምን እንዳደረጉለት ይጻፉ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጻፉት፤ የልጅ ልጆችዎ የትኛውን እንደሚያነቡ አይታወቅምና። ወረቀቱን ከዕቃው ሥር ይለጥፉት። ልጆችዎንም ጠርተው ያንብቡላቸው፤ ሲያነቡም ያ ጠረጴዛ ከመንገድ ዳር የተነሣ መሆኑን አይደብቋቸው። እኛን ያሳፈረን እነሱን ላያሳፍራቸው ይችላል።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት አባቶች ስለ ትውስት ወርቅ ነው የተናገሩት፤ ነገ ስለሚመለስ፣ ላብ ስላልፈሰሰበት ወርቅ። ያፋቁት፣ የቀቡት፣ የሰፉት፣ ቡና ያፈሉበት ዕቃ ግን የሰው አይደለም፤ የእርስዎ ነው። አንጥረኛው ማርትሬዛውን አቅልጦ መስቀል ሲያደርገው ብሩ የቪየና መሆኑ እንደቀረ ሁሉ ማለት ነው።